መርከቧ ላይ ማን ይቅደም?

በሰኔ 2023 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በስኮትላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ ማዶ ባለችው የደቡብ ዩዊስት ደሴት ወደ 500 የሚጠጉ ሰዎች፣ ወደ 200 የሚጠጉ መኪኖችን አሰልፈው፣ ሎክቦይስዴል በተባለችው ትንሽ ወደባቸው ላይ ሰልፍ ወጡ። የደሴቲቱ ጠቅላላ ሕዝብ ሁለት ሺህ አይሞላም። ይህን መጠን ወደ አዲስ አበባ አምጥታችሁ አስሉት። የጠየቁት የደመወዝ ጭማሪ አይደለም፣ ሥልጣንም አይደለም። መርከባችን ትመለስልን ነው ያሉት። ካልማክ የተባለው የመንግሥት የመርከብ ድርጅት መርከብ ስላጠረው የእነሱን ጉዞ ለወሩ አብዛኛው ክፍል ሰርዞባቸው ነበር።

እኛ የባሕር በር ነገር በተነሳ ቁጥር የምንብሰለሰል ሰዎች ነን። በአራቱም ማዕዘን በባሕር የተከበበ ሕዝብ "መውጫ አጣሁ" ብሎ ሲጮህ ስንሰማ ግር ቢለን አይገርምም። ግን ባሕር በር የሚሆነው የሚያሻግር ሲኖር ነው። የሚያሻግር ከሌለ አጥር ነው፤ ያውም በክረምት ማንም የማይዘለው አጥር።

ወደዚህ ጉዳይ ያስገባኝ ሰልፉ ሳይሆን ለንደን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። ባለቤቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ በሞተርሆም ደሴቶቹን ሊዞር አስቦ፣ "አንተ መረጃ ማገላበጥ ሥራህ ነው፤ እስቲ መስመሩን አውጣልኝ። እኔ እንደሆንኩ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነኝ፣ ጭንቅላቴ አይሠራም" አለኝ። ሞተርሆም ከኋላው አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅና መጸዳጃ የተገጠመለት፣ መኪናም ቤትም የሆነ ተሽከርካሪ ነው። በአውሮፓ የሆቴሉ ዋጋ የማይቀመስባቸው ቤተሰቦች የሚወዱት ነገር ነው፤ ጡረተኞችም እንዲሁ። ካርታውንና የመርከቦቹን የጊዜ ሰሌዳ ጎን ለጎን ዘርግቼ ማገናዘብ ስጀምር ግን የጉዞ ዕቅዱ ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ጥያቄ ተለወጠብኝ። ይህ ቤተሰብ የሚይዘው ቦታ የማን ነበር?

መጀመሪያ መስመሩን ላሳያችሁ፤ ካላያችሁት ክርክሩ አይገባም። ከለንደን ተነስቶ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ በየብስ ከተነዳ በኋላ ኦባን የምትባል የወደብ ከተማ ይደረሳል። እዚያ ሞተርሆሙ ፌሪ ላይ ይወጣል፤ ፌሪ ማለት መኪናውን ከነተሳፋሪው ጭኖ የሚያሻግር መርከብ ነው። አምስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ባራ ደሴት ላይ ያወርዳል። (ባራ አውሮፕላን የሚያርፈው ባሕሩ ሲሸሽ ጠብቆ በዳርቻው አሸዋ ላይ ነው። የበረራ ሰሌዳው ከባሕሩ ጋር ይስማማል ማለት ነው።) ከባራ ሰሜናዊ ጫፍ ሁለተኛው ፌሪ በ40 ደቂቃ ኤሪስኬይ ያሻግራል። ከዚያ በኋላ ያሉት ደሴቶች፣ ማለትም ደቡብ ዩዊስት፣ ቤንቤኩላ፣ ሰሜን ዩዊስትና በርነሬይ፣ በባሕሩ ላይ ድንጋይ ተደልድሎ በተሠራ መንገድ ተያይዘዋል። ከበርነሬይ ሦስተኛው ፌሪ በዓለቶችና በጥልቀት አልባ ውኃ መሀል እየተጠማዘዘ በአንድ ሰዓት ሃሪስ ይገባል። ሃሪስና ሉዊስ ስማቸው ሁለት ይሁን እንጂ ደሴቷ አንድ ናት። በስተመጨረሻ ከሉዊስ ዋና ከተማ ከስቶርኖዌይ አራተኛው ፌሪ ሦስት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ወደ ዋናው መሬት፣ ወደ ኡላፑል፣ ይመልሳል።

አራት ፌሪ፣ አንድ ሰንሰለት። ውበቱም ጣጣውም ያለው እዚህ ላይ ነው። ሦስቱን አግኝተህ አንዱን ካጣህ ጉዞ የለህም። ከሁለተኛው በኋላ ነፋስ ተነስቶ ሦስተኛው ቢሰረዝ አራተኛው አይጠብቅህም።

ቦታ ለማስያዝ ስትገባ ደግሞ ወሳኙ ጥያቄ የመኪናህ ርዝመት ነው። የኋላ ብስክሌት መስቀያው፣ መጎተቻው፣ ሁሉም ይቆጠራል። የመርከብ ወለል የሚሸጠው በሜትር ነውና። የቤት መኪና አምስት ሜትር አይሞላም፤ ብዙው ሞተርሆም ግን ከስድስት እስከ ሰባት ሜትር ተኩል ይደርሳል። እንግዲህ አንድ ትልቅ ሞተርሆም ወደ ሁለት የሚጠጋ የመኪና ቦታ ይበላል ማለት ነው። ከባራ ወደ ኤሪስኬይ የምትመላለሰው ትንሽ ፌሪ የምትጭነው ሃያ ምናምን መኪና ነው። አምስት ሞተርሆም ሲወጣባት ከሩብ በላይ የሚሆነው ወለል ተያዘ። የቀረውን ማን ያግኘው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

የስኮትላንድ መንግሥት በ2008 መጨረሻ አንድ መልካም ሐሳብ በእነዚህ ደሴቶች ላይ መሞከር ጀመረ። ሐሳቡ የፌሪ ዋጋ ያንኑ ርቀት በመንገድ ለመንዳት ከሚጠይቀው ወጪ ጋር እንዲቀራረብ ማድረግ ነው። የደሴት ሰው ባሕር መሀል ስለተወለደ ብቻ ለምን ከሌላው ዜጋ የበለጠ ይክፈል? ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። ሙከራው እየሰፋ ሄዶ በ2015 የካልማክን መስመሮች ሁሉ ሸፈነ። በብዙ መስመር የመኪና ዋጋ በጉልህ ወረደ። ግን ቅናሹ ለነዋሪ ብቻ አልነበረም፤ ለጎብኚም እኩል ነው። ከበርሚንግሃም የመጣው ባለ ሞተርሆምና ለእናቱ መድኃኒት ለማምጣት የሚሻገረው የደሴት ሰው አንድ ዓይነት ድጎማ ያገኛሉ።

የሆነው እንደሚጠበቀው ነው። ጎብኚው ጎረፈ። በኮሮና ጊዜ ወደ ውጭ መብረር ሲከለከል ደግሞ እንግሊዝ ሁሉ ሞተርሆም የተከራየ እስኪመስል ድረስ መንገዱ ሞላ። መርከቦቹ ግን ያው ነበሩ፤ እንዲያውም እያረጁ ሄዱ። ሄብሪዲያን አይልስ የምትባለው መርከብ በ1985 ሥራ ጀምራ ጡረታ የወጣችው በ2024 መጨረሻ ነው። እኔ ሳልወለድ ባሕር ላይ ነበረች። ዋጋው ተቆርጦ ዕቃው ያልመጣበት ሱቅ ምን እንደሚመስል በሸማቾች ማኅበር በር ላይ ለስኳርና ለዘይት የቆመ ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም። ዋጋ ሲወርድና አቅርቦት ሲቆም ልዩነቱን የሚከፍለው ወረፋው ነው። ወረፋ ደግሞ ሁልጊዜ ቀድሞ ማቀድ ለሚችል ያደላል።

ቀድሞ ማቀድ የሚችለው ማን ነው? የእረፍት ፈቃዱን በጥር የሚያስሞላው የከተማ ሰው ነው። የደሴቱ ነዋሪ ግን ሕይወቱን በጥር አያቅድም። በግ ይታመምበታል፣ ትራክተሩ ይሰበራል፣ ግላስጎው ያለ ወንድሙ ይሞትበታል። ታይሪ ደሴት የሚኖር ሰው ለሚቀጥለው ሐሙስ ኦባን ሆስፒታል ቀጠሮ ሲደርሰው መርከቧ ከወራት በፊት ተሸጣለች። ያለው ምርጫ የተጠባባቂ መስመር ላይ መኪናውን አቁሞ የሚቀር ሰው እንዲኖር መጸለይ ነው። እኛም የአክስቴን ልጅ ዕቅድ የሠራነው ከስድስት ወር በፊት ነበር። ሐምሌ ላይ የምንፈልገው ቦታ ሲገኝ እሱ ተደሰተ፤ እኔ የታይሪው ሰው ትዝ አለኝ። (ታይሪ በእኛ መስመር ላይ የለችም፤ ጉዳዩ ግን ያው ነው።)

"ታዲያ መርከብ ይጨምሩ" ትሉ ይሆናል። ሞክረዋል። አሞካከሩ ግን ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ ትንሽ ታገሱኝ።

በ2015 መንግሥት ሁለት አዳዲስ ትልልቅ ፌሪዎች እንዲሠሩ ፖርት ግላስጎው ለሚገኘው ፈርጉሰን የመርከብ ፋብሪካ ሰጠ። ውሉ 97 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። መርከቦቹ በ2018 ሥራ ይጀምራሉ ተባለ። የአገር ውስጥ ፋብሪካ፣ የአገር ውስጥ ሠራተኛ፣ ከዚያም ላይ በናፍጣም በፈሳሽ ጋዝም የሚሠራ አዲስ ዓይነት ሞተር፤ ለፖለቲከኛ ንግግር ከዚህ የተመቸ ነገር የለም። በኅዳር 2017 ግሌን ሳኖክስ የተባለችው የመጀመሪያዋ መርከብ ወደ ውኃ ስትወርድ የወቅቱ ቀዳማዊ ሚኒስትር ኒኮላ ስተርጅን ተገኝተው መረቁ። ያን ቀን የመርከቧ የመሪ ክፍል መስኮቶች መስኮት አልነበሩም። ቀለም ነበሩ! ያላለቀች መርከብ ለምርቃቱ ያለቀች እንድትመስል መስኮት ተሥሎባት ነበር። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። የምርቃት ቀን አጥር ተቀብቶ፣ አበባ በማሰሮ ተከራይቶ፣ በማግስቱ ሁሉም ሲነሳ ያየ አገር ልጅ መሳቁ አይፈረድበትም። ደግሞ ትንሽ ተጽናናሁ፤ ይህ በሽታ የእኛ ብቻ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን አያስቅም። ፋብሪካው በ2019 ከሰረና መንግሥት ወረሰው። የስኮትላንድ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2022 ባወጣው ሪፖርት ውሉ የተሰጠው የመርከብ ገዢው ሙሉ የገንዘብ ተመላሽ ዋስትና ሳይኖረው እንደነበርና ሚኒስትሮች ይህን አደጋ ለምን እንደተቀበሉ የሚያሳይ በቂ ሰነድ እንዳልተገኘ ገለጸ። የሁለቱ ወጪ ከመጀመሪያው ውል ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። ግሌን ሳኖክስ ተሳፋሪ ማጓጓዝ የጀመረችው በጥር 2025 ነው። ያውም ከታሰበላት ወደብ አይደለም። አርድሮሳን የተባለው የድሮ ወደብ ስለማይበቃት ወደ አራን ደሴት የምትሄደው ትሩን ከተባለ ሌላ ወደብ ነው። እህቷ ግሌን ሮዛ በ2024 ወደ ውኃ ብትወርድም የማስረከቢያ ቀኗ ተደጋግሞ ተገፍቷል። በመሀሉ መንግሥት ተስፋ ቆርጦ አራት ሌሎች መርከቦችን ቱርክ አገር አዘዘ፤ እነሱም ከቀጠሮአቸው ዘግይተዋል።

እግረ መንገዴን፣ ለጣና ሐይቅ የተገዛችው ጣና ነሽ ሁለት ከጅቡቲ ወደብ እስከ ባሕር ዳር በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና በየከተማው ሕዝብ እየተቀበላት ስታልፍ ሁላችንም በስልካችን ተከታትለናል። ያኔ ብዙ ሰው የጠየቀው "እንዴት ታልፋለች?" የሚለውን ነበር። እኔ አሁን የሚያሳስበኝ ሌላ ጥያቄ ነው፤ የዘጌ ገበሬና ጎርጎራን ሊያይ የመጣ ጎብኚ አንድ ቀን በአንዷ መርከብ ላይ ሲገናኙ የመጨረሻው ወንበር የማን ይሆናል? ጥያቄውን ወንበሩ ሳይሞላ መጠየቅ ይሻላል።

አቋሜን ግልጽ ላድርግ። በእኔ እምነት ነዋሪው ይቅደም። ይህ ለጎብኚ ጥላቻ አይደለም። ለጎብኚው ፌሪው የእረፍቱ አንድ ክፍል ነው። ለነዋሪው ግን መንገዱ ነው፤ ሌላ የለውም። አንድ ሰው ወደ ሆስፒታል የሚወስደው መንገድ በእረፍት መኪኖች ስለተያዘ ቢዘጋበት በየትኛውም አገር ወንጀል የሚያሰኝ ነገር ነው። በባሕር ላይ ሲሆን ግን "ቦታ አልቋል" ይባላል።

ስኮትላንዶች ራሳቸው መሻገሪያ መንገድ መሆኑን አንድ ጊዜ ታግለው አስመስክረዋል። በ1995 የስካይ ደሴትን ከዋናው መሬት የሚያገናኝ ድልድይ በግል ገንዘብ ተሠርቶ ሲከፈት ለመሻገር ከፍተኛ ክፍያ ተጣለ። የደሴቱ ሰዎች አንከፍልም አሉ። ተከሰሱ፣ ብዙዎቹም ተፈረደባቸው፤ ግን አልተዉም። በመጨረሻ በታኅሣሥ 2004 መንግሥት ድልድዩን ገዝቶ ክፍያውን ሰረዘው።

ለፌሪውም መፍትሔው ውስብስብ አይደለም። በእያንዳንዱ ጉዞ የተወሰነ የመኪና ቦታ ለነዋሪዎች ይቀመጥ። ጉዞው አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው ካልተፈለገ ለማንም ይለቀቅ። መርከቧ ባዶ አትሄድም፣ ታማሚውም አይቀርም። ካልማክ በጥቂት ደሴቶች፣ ኮልንና ታይሪን ጨምሮ፣ ይህንን በሙከራ ጀምሯል። ሙከራ መባሉ ነው የሚያናድደኝ። ሁለተኛው ነገር ድጎማው ነው። ርካሹ ዋጋ ለነዋሪው ይቆይ። የሰባት ሜትር ቤት ይዞ በሐምሌ የሚሻገር ጎብኚ ግን የሚይዘውን ወለል ሙሉ ዋጋ ቢከፍል አልተበደለም። የአክስቴን ልጅ ኪስ እንደሚነካ አውቃለሁ፤ ነግሬዋለሁም። "አንተ ለማን ነው የምትሠራው?" ነው ያለኝ።

ከተቃራኒው ወገን የሚነሳው መከራከሪያ ቀላል የሚባል አይደለም። እነዚህ ምዕራባዊ ደሴቶች አንድ ላይ ሕዝባቸው ወደ 26 ሺህ ነው፤ ወጣቱ ይሄዳል፣ ትምህርት ቤት ልጅ ያጥረዋል። ከዓሣ፣ ከበግና ከሱፍ ጨርቅ ሌላ ገቢ የሚያመጣው ጎብኚ ነው። ጎብኚ ካስቸገርክ ምግብ ቤቱ ይዘጋል፣ ምግብ ቤቱ ሲዘጋ ልጁ ግላስጎው ይሄዳል። እውነት ነው። ሎክቦይስዴል ላይ የተሰለፉት ሰዎች መካከልም ቱሪስት በመቅረቱ ገቢያቸው የተነካባቸው ነበሩበት። ግን የሰልፉን ነገር በደንብ እንየው። ጎብኚውንም ነዋሪውንም ያስቀረው የመርከብ እጦት ነው እንጂ የአንዱ መቅደም አይደለም። ነዋሪ ይቅደም ማለት ጎብኚ አይምጣ ማለት አይደለም። ሆቴሉን የሚያስተዳድረው፣ ዳቦውን የሚጋግረው፣ የመጸዳጃ ቆሻሻውን የሚያነሳው ነዋሪው ነው። እሱ መኖር ካቃተው ጎብኚው የሚያየው ነጭ አሸዋና የፈረሰ ቤት ብቻ ይሆናል።

ሌላ መንገድ እንዳለ ደግሞ ከዚያው ባሕር ማዶ ኖርዌይ አለች። ከስታይንሼር እስከ ቡዶ የሚሄደው የጠረፍ መንገድ 650 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ስድስት ፌሪዎች አሉት። እዚያ ፌሪው የመንገዱ ቁራጭ ተደርጎ ነው የሚታሰበው። በአብዛኞቹ አጫጭር መስመሮች ቦታ ማስያዝ የሚባል ነገር የለም፤ ትመጣለህ፣ ትሰለፋለህ፣ ካልሞላ ትገባለህ፣ ከሞላ የሚቀጥለውን ትጠብቃለህ። ከስድስት ወር በፊት ያቀደ ሰው የሚወስድብህ ነገር የለም። መንግሥታቸው ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ጥቂት ሰው የሚጠቀምባቸውን በርካታ የፌሪ መስመሮች ጭራሽ ነፃ አድርጓል። በ2015 ደግሞ በባትሪ ብቻ የምትሄድ የመጀመሪያዋን የመኪና ፌሪ ሥራ ላይ ያዋሉት እነሱ ናቸው። "የነዳጅ ሀብት አላቸው" ትሉኛላችሁ። አላቸው። ስኮትላንድም ከዚያው ሰሜን ባሕር ነው የምትቀዳው፤ ገንዘቡ የት ሄደ የሚለው ሌላ ጽሑፍ ያስፈልገዋል።

ሞተርሆም የሚነዳው ሰውም ከተጠያቂነት አያመልጥም። ብዙ ጎብኚ ስኮትላንድ ውስጥ የትም ማደር ይፈቀዳል ብሎ ያምናል። በ2003 የወጣው የመሬት ሕግ በእግር ለሚሄድና ድንኳን ለሚተክል ሰው ሰፊ መብት ሰጥቷል፤ ለሞተር ተሽከርካሪ ግን አልሰጠም። በደሴቶቹ ምዕራባዊ ዳርቻ ያለው በአሸዋ ላይ የበቀለ ሣር መሬት ሲያዩት ሜዳ ይመስላል፤ የሦስት ተኩል ቶን መኪና ሲቆምበት ግን ሥሩ ይበጠሳል፣ ነፋሱም አሸዋውን ይወስደዋል። መሬቱ ባለቤት አለው። የደቡብ ዩዊስትን አብዛኛውን መሬት ከ2006 ጀምሮ የያዘው የነዋሪዎቹ የራሳቸው ድርጅት ነው፤ ከባላባት ገዝተው የወሰዱት ነው። መሬት ላራሹን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ብቻውን የሚያስገርም ነው።

መንገዱ ደግሞ በብዙ ቦታ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ነው። በየመሀሉ መተላለፊያ የሚሆን ትንሽ ስፋት ይተዋል። እዚያ ቦታ ላይ ቁሞ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ከኋላው የቆመው የፖስታ መኪና ወይም የትምህርት ቤት አውቶብስ ሊሆን ይችላል። ከኋላ ሰው ሲከማች ጥግ ይዞ ማሳለፍ እዚያ አገር ከጨዋነትም በላይ ደንብ ነው።

ከሁሉም የሚያበሳጨኝ ግን ሙሉ ፍሪጁን ከዋናው መሬት ሱፐርማርኬት ሞልቶ፣ ነዳጁን ሞልቶ፣ ደሴቱ ላይ አንድ ሳንቲም ሳያወጣ ቆሻሻውን ብቻ ትቶ የሚመለሰው ነው። ድጎማ በሌላ ሰው ግብር፣ ቦታ በሌላ ሰው መርከብ። በእነዚህ ደሴቶች መንገድ ዳር ሻጭ የሌለባቸው ትናንሽ ሣጥኖች አሉ። እንቁላል፣ ኬክ፣ አንዳንዴ ዓሣ ይቀመጥባቸዋል፤ ያነሳኸውን አንስተህ ገንዘቡን በቆርቆሮው ትከታለህ። ለአክስቴ ልጅ ከሰጠሁት መመሪያ የመጀመሪያው ሣንቲምና ድፍን ኖት ይዘህ ሂድ የሚል ነበር፤ ሁለተኛው ፍሪጁን ባዶ አድርገህ ተሻገር የሚል ነው። ዋጋው ከለንደን ይወደዳል። ይወደድ።

አንድ ነገር ደግሞ የእኛን ሰው ግር የማይለው አለ። በሉዊስና በሃሪስ እሑድ ሰንበት ነው፤ የምር ሰንበት። አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው። ከስቶርኖዌይ የእሑድ ፌሪ ራሱ የተጀመረው በሐምሌ 2009 ነው፤ ያውም በተቃውሞ መሀል። ደቡቦቹ ደሴቶች፣ ባራና ደቡብ ዩዊስት፣ ካቶሊኮች ስለሆኑ ነገሩ ላላ ይላል። ቅዳሜ ማታ ውኃና ምግብ ያልያዘ ሰው እሑድ ሉዊስ ላይ ይጾማል። እኛ ቤት ይህ ችግር ተብሎ አይቆጠርም።

ወደ ዕቅዱ ልመለስና ልጨርስ። ሐምሌን ተውነው። የስኮትላንድ ትምህርት ቤቶች የሚከፈቱት በነሐሴ አጋማሽ ነው፤ የእንግሊዞቹ ግን እስከ መስከረም መጀመሪያ ዝግ ናቸው። ስለዚህ በነሐሴ መጨረሻ ያሉት አሥር ቀናት ለለንደን ልጆች እረፍት፣ ለደሴቶቹ ደግሞ ትንሽ የቀለለ ወቅት ናቸው። በየሁለት ፌሪው መሀል አንድ ሌሊት ትርፍ ትተናል፤ ነፋስ ከተነሳ የሚበላው እሱን ነው። የጋዙ ሲሊንደር መርከብ ላይ ከመውጣቱ በፊት እንደሚዘጋ በትልቁ ጽፌለታለሁ፤ እሱ ሁሌ ይረሳል። ሊከራይ አስቦት የነበረውን የሰባት ሜትር ሞተርሆም ትቶ 5 ሜትር ከ99 የሆነ ቫን ወስዷል። አራት ሰው ይተኛበታል ይላሉ አከራዮቹ፤ ባለቤቱ አላመነችም።

ቀሪው ጣጣ ሁለቱ ብስክሌቶች ናቸው። በመርከብ ላይ ርዝመት የሚለካው ከነመስቀያው ስለሆነ ብስክሌቶቹ ከተሰቀሉ ከስድስት ሜትር እናልፋለን። ስለዚህ ለንደን ይቀራሉ። ልጆቹ ገና አልተነገራቸውም።